አምስት እጅ ያለው ካርቦን

የመጋዘኑ በር ሲከፈት ቀድሞ የተቀበለኝ ሽታው ነው። የጀንፈል ቡና ሽታ፣ ከሱ ሥር የእርጥብ ጆንያ ሽታ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ ጥግ ላይ የተቀመጠው ባልዲ። እስከዚያ ቀን ድረስ እስር ቤት ሲባል ወደ ልቤ የሚመጣው የብረት ፍርግርግ ነበር። እዚህ ፍርግርግ የለም። የሲሚንቶ ወለል፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከጣሪያው ሥር እጅ የማታሾልክ አንዲት ቀዳዳ፤ በቃ ይኸው ነው። ቡናው ወጥቶ እኛ ገባን።

«ግቢ» አለኝ ፖሊሱ። ገባሁ። የትምህርት ቤት ሹራቤን ወገቤ ላይ እንዳሰርኩ ነበርኩ።

የያዙኝ ጠዋት ነው፤ መቱ ውስጥ፣ ከትምህርት ቤታችን አጥር ትንሽ ወረድ ብሎ። በዚያ ሳምንት ተማሪ ሰልፍ ወጥቶ ነበር። ሱቆች ተዘግተዋል፤ መንገድ ላይ ቦርሳ ይፈተሻል። ሰልፉ ላይ ነበርሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ቦርሳዬን ሲገለብጡት እስክሪብቶ፣ ግማሽ ዳቦና የኬሚስትሪ ደብተሬ ወደቁ። አንደኛው ፖሊስ ደብተሩን አንስቶ ገለጥ ገለጥ ሲያደርግ ቆየና አንድ ገጽ ላይ ቆመ። ጓደኛውን ጠራው። ሁለቱም ገጹን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ።

ገጹ ላይ አሥር ፊደሎች ነበሩ። ፊደሎቹ በመስመር ተያይዘዋል፤ አንዳንዶቹ ከመስመሩ ወጣ ብለው ቅርንጫፍ ሠርተዋል፤ ከራሳቸው በላይ ቁጥር አለ። መሀል ላይ «ጫ» የሚል ፊደል አለ፤ ከሱ አምስት መስመር ይወጣል። ለማያውቅ ሰው ምን እንደሚመስል እኔም በኋላ ገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። የኬሚስትሪ መምህራችን ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሲደርሱ ቤተ ሙከራውን ከፍተው አሳዩን። ሁለት የተሰነጠቁ ብልቃጦችና ክዳኑ የማይከፈት ሳጥን ነበረበት። በሩን መልሰው ቆለፉና ወደ ሜዳው ወሰዱን።

«ካርቦን አራት እጅ አለው» አሉ። «እናንተስ ስንት አላችሁ?»

«ሁለት፣ ቲቸር።»

«ሹራባችሁን አውልቃችሁ ወገባችሁ ላይ እሰሩ። እጅጌዎቹ ይንጠልጠሉ። አሁንስ?»

ወደ ታች አየን። ሁለት እጅ፣ ሁለት እጅጌ። «አራት።»

«ካርቦን ሆናችኋል። ተያያዙ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ማለት ለኛ ሜዳ ነበር። ቀጥ ብለን ተሰልፈን ስንያያዝ ፔንቴን፣ ሄክሴን እንሆናለን። አንድ ልጅ ከመሀል የአንዱን እጅጌ ሲይዝ ቅርንጫፍ ይወጣል። ሁለት ልጆች በሁለት እጃቸው ፊት ለፊት ሲያያዙ ድርብ ትስስር ነው፤ ብሮሚን የሆኑ ልጆች ሮጠው ሲመጡ ያ ጥንድ አንድ አንድ እጁን ለቅቆ እነሱን ይይዛል። መምህራችን «አንዱን ብቻ ነው የምትለቁት፣ ሁለቱን ከለቀቃችሁ ተበተናችሁ» እያሉ ጭቃው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ዘበኛው ሳይቀር ቆሞ ያየን ነበር።

ሲያርሙ ግን ጨካኝ ነበሩ። አንዲት መስመር ብትጎድል ወይም ብትተርፍ በቀይ ይከቡና ግማሽ ማርክ ይቀንሳሉ። «ቲቸር ረስቼው እኮ ነው» ካልናቸው «ተፈጥሮ አትረሳም» ይላሉ። ለምነን ያስመለስነው ግማሽ ማርክ የለም።

ያ ገጽ የአንድ ቀን ሰልፋችን ነው። ማን የትኛው ካርቦን እንደነበረ እንዳይጠፋኝ በየቦታው የልጆቹን የስም መጀመሪያ ፊደል ጻፍኩበት። «ጫ» አራቱም እጁ ተይዞ ነበር። እኔ ዘግይቼ ደርሼ የምይዘው ባጣ ጊዜ የሸሚዙን ኮሌታ ያዝኩ። መምህራችን በሌላኛው ጫፍ ስለነበሩ አላዩም። ቤት ገብቼ ስስለው እንደነበረው አድርጌ ሳልኩት። አምስተኛዋ መስመር እኔ ነኝ።

መርማሪው የመጋዘኑ የቀድሞ የሚዛን ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ጉንፋን ይዞታል፤ መሐረቡን ከእጁ አይለቅም። አልጮኸብኝም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ኬሚስትሪ ነው።»

«ኬሚስትሪ በሀሁ ነው እንዴ የሚጻፈው?»

ደብተሩን ወደ እኔ አዙሮ በጣቱ ነካ ነካ አደረገው።

«ቁጥር አለ። ቅርንጫፍ አለ። ይሄ ጫ የሚባለው ማነው? ሁሉም ወደሱ ነው የሚሄደው።»

ባዶ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ። ወረቀቱ ላይ አሥሩን ፊደል ወደ ታች ደርድሯቸዋል፤ ከየፊደሉ ፊት ክፍት ቦታ ትቷል። «ስማቸውን ጻፊ። ስትጨርሺ ወደ እናትሽ ትሄጃለሽ።»

«ሰው አይደሉም» አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

«ታዲያ ምንድን ናቸው?»

«ንጥረ ነገሮች ናቸው። ውህዶች።»

አስነጠሰው። መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ጥሩ። ነገ ጠዋት መምህርሽ ይመጣል። እሱ ባለበት አንድ በአንድ ትነግሪኛለሽ። ውሸት ከሆነ አሥሩንም ከየቤታቸው አመጣቸዋለሁ። በጫ የሚጀምር ስም ብዙ አይሆንም።»

አንድ ብቻ ነበር። የቤተሰቦቹ ቤት ኖፓ ነው፤ መቱ ላይ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ይማር ነበር። ቢያዝ ስንቅ የሚያቀብለው እንኳ የለውም። ያውም ከሁላችን ዝም የሚል ልጅ እሱ ነው።

መጋዘኑ ውስጥ ከኔ ሌላ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንደኛዋን ከኡካ ነው ያመጧቸው፤ አረቄ የሚያወጡ ትልቅ ሴት ናቸው። ልጆች ከሰልፍ ሲሮጡ ጓሯቸው ገብተው ተደብቀዋል ተብለው ነው። ሁለተኛዋ መቱ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ ሙስሊም ሴት፤ ሻሻቸውን እንዳሰሩ፣ ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ ቀጥ አድርገው ይቀመጣሉ። ወንበር የሌለበት ቤት ውስጥ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው።

«ሱቅ ዘጋሽ ብለው አሰሩኝ» አሉኝ ባለሱቋ። «አሁን ሱቁ በደንብ ተዘጋ።»

«እኔን ደግሞ ልጆቹ ማሰሮዬን ሰብረው፣ ድፍድፌን አፍስሰው፣ እነሱ አመለጡ፤ የታሰርኩት እኔ» አሉ የኡካዋ። «አንቺስ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ በምንድን ነው?»

«በኬሚስትሪ።»

«እሱ ደግሞ የማን ድርጅት ነው?»

ሳቅ አመለጠኝ። ከተያዝኩ ጀምሮ መጀመሪያዬ ነበር። ሳቄ ሳያልቅ እንባዬ መጣ። የኡካዋ እትዬ እጄን ሳብ አድርገው አጠገባቸው አስቀመጡኝና ሁሉንም አንድ በአንድ አስነገሩኝ፤ ሜዳውን፣ ሹራቡን፣ ፊደሉን። ሲገባቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«ስለዚህ ነገ ለአሥሩ ፊደል አሥር ነገር ማምጣት አለብሽ» አሉ።

«ባመጣም ውሸት ነው፣ እትዬ። እያንዳንዱ ፊደል አንድ ካርቦን እኮ ነው። አሥረኛ ክፍል ያለፈ ሰው ይስቅብኛል።»

ባለሱቋ ከግድግዳው ሳይነሱ ተናገሩ። «ከአዲስ አበባ የሚመጣው ቦንዳ ላይ ፊደል አለ። ሰ ካለ ሳቲን ነው፣ ከ ካለ ካኪ ነው። ለሌላ ሰው ምንም አይደለም፤ ለኔ ዕቃ ነው። ፊደል ሁልጊዜ ሰው ነው ያለው ማነው?»

እንዲህ ሆነና ከሰዓቱን ሙሉ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ አጠናን። በእንጨት ፍላጭ ወለሉ አቧራ ላይ ፊደሎቹን ጻፍኳቸው። በ ቡቴን፣ ደ ዴኬን፣ ነ ኖኔን ቀላል ነበሩ። መ ላይ ሜታኖል አልኩ።

«ምንድን ነው ሜታኖል?» አሉ የኡካዋ።

«የአልኮል ዘር ነው። አንድ ካርቦን ያለው። ሰው ከጠጣው ዓይን ያጠፋል። ሁለት ካርቦን ያለው ኢታኖል ነው፤ እርስዎ የሚያወጡት።»

«እኔ የማወጣው አረቄ ነው።»

«አረቄው ውስጥ ያለው ነው፣ እትዬ።»

«እና አረቄ አትይም?»

«አስተግፊሩላህ» አሉ ባለሱቋ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ከነገ ምርመራ በፊት ሌላ ወንጀል ልታስተምሩኝ ነው።»

ግን ይሰሙ ነበር። ጠላ ክዳኑ ተከፍቶ ሲከርም ለምን እንደሚኮመጥጥ ስነግራቸው ዞር አሉ። የአየሩ ኦክስጅን አልኮሉን ቀስ በቀስ ወደ አሲድ ይለውጠዋል፣ ኮምጣጤ የሚሆነው በዚያ ነው አልኩ። የኡካዋ እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱን እኔም አውቃለሁ። ስሙን ነው የማላውቀው» አሉ። ሳሙናም ስብ መሆኑን ስነግራቸው ባለሱቋ አላመኑኝም። ስብን ከጠንካራ አልካሊ ጋር ሲያፈሉት ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ሳሙና፣ አንዱ ግሊሰሮል። ገ ግሊሰሮል ሆነ፤ ሰ ደግሞ ስቴሪክ አሲድ፣ ከስቡ ውስጥ የሚገኘው።

«ለእጅ የሚቀባው ግሊሰሪን?» አሉ ባለሱቋ።

«እሱ ራሱ።»

«ሃያ ዓመት ስሸጠው ከሳሙና ጋር ወንድምና እህት መሆናቸውን የነገረኝ የለም» አሉ፤ ቅር ያላቸው ይመስሉ ነበር።

ከሁሉ የወደዱት ግን የኢስተሩን ነው። አልኮልና አሲድ ከጥቂት ጠንካራ አሲድ ጋር ሲሞቁ ውሃ ይወጣና ኢስተር የሚባል ይፈጠራል፤ የፍራፍሬ ሽታ ማለት እሱ ነው። መምህራችን አንድ ቀን ከየት እንዳመጡት ያልነገሩንን ትንሽ ጠርሙስ ክፍል ውስጥ አዙረውልን ነበር። ክዳኑ ሲነሳ ክፍሉ በሙሉ የበሰለ ሙዝ ሸተተ። ሙዝ ግን የለም። ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች ሁሉ ተነስተው ወደ ፊት መጡ።

ሁለቱም ሴቶች ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ባልዲው ጥግ ላይ ነበር።

«እስቲ እንደገና ንገሪን» አሉ ባለሱቋ ቆይተው። «የሙዙን።»

እንደገና ነገርኳቸው። የኡካዋ እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና «መጀመሪያ የሚንጠባጠበው አረቄም እንደዚያ ይሸታል። ፍሬ ፍሬ። እኔ ግን አልሸጠውም፣ ራስ ያዞራል፤ እደፋዋለሁ። ስደፋው ጓሮው እንዴት እንደሚሸት» አሉ። ሦስታችንም የሌለ ነገር እያሸተትን ነበር መሰለኝ። እኔ ሜዳው ትዝ ብሎኝ ነበር፤ የእርጥብ ሣሩ፣ የሁሉም ልጅ የሹራብ ሽታ። እዚያ ለመድረስ አሥር ደቂቃ መንገድ ነው።

ዘጠኙ ፊደል ስም አገኘ። ተ ቶሉን፣ ከ ኬቶን። የራሴን እ ኤተር አልኩት። የቀረው ጫ ነው። በጫ የሚጀምር ውህድ አንድም አላውቅም። ያለም አይመስለኝም።

«ጫት» አሉ የኡካዋ።

«ተይ አንቺ ሴት» አሉ ባለሱቋ እየሳቁ። «ያለብን አይበቃም?»

ከመተኛታችን በፊት አስጠኑኝ። የሚገርመኝ፣ አልሰማም ያሉት ባለሱቋ አንዱንም ሳይሳሳቱ ከላይ እስከ ታች በቃላቸው የወጡት እሳቸው ናቸው። ጫ ላይ ስንደርስ እንደገና ከበ እንጀምራለን።

ጠዋት መምህሬ መጡ። ከክፍል ጠርተዋቸው ነው መሰለኝ የኮታቸው እጅጌ ላይ ጠመኔ ነበር፤ ጫማቸው ጭቃ ይዟል። እኔ አግዳሚው ላይ ነበርኩ። መምህር ሲገባ ተማሪ ይነሳል፤ ያን ሰዓት ግን እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ተቀምጬ ቀረሁ። ከሁሉም ይልቅ ያሳፈረኝ እሱ ነው።

ለሳቸው ወንበር አልቀረበም።

«ይቺን ልጅ ያውቋታል?» አለ መርማሪው።

«ተማሪዬ ነች።»

«ይሄንንስ?»

መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉ። ገጹን አዩት። ሜዳውን እንዳወቁት፣ እያንዳንዱን ልጅ በቆመበት ቦታ እንዳወቁት ከፊታቸው አየሁ። ለመርማሪው እውነቱን ቢነግሩት አሥሩ ልጆች ማን ማን እንደሆኑ መናገራቸው ነው። አላውቀውም ካሉ ደግሞ እኔን ውሸታም ማድረጋቸው ነው።

«የቤት ሥራ ነው» አሉ።

«ማን የሰጠው?»

«እኔ ነኝ የሰጠኋቸው።»

መርማሪው ወደኔ ዞረ። «በይ ቀጥይ። ፊደሎቹ ምንድን ናቸው ያልሽኝ?»

ጀመርኩ። «በ ቡቴን ነው።»

«ትክክል ነው?» አለ መርማሪው።

መምህሬ ገጹን አንዴ ደግመው አዩት። «ትክክል ነው።»

«ደ ዴኬን ነው።» ዴኬን አሥር ካርቦን አለው፤ እኔ አንድ ካርቦን ቦታ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ክፍል ውስጥ ብዬው ቢሆን ኖሮ ጠመኔው ከእጃቸው ይወድቅ ነበር። ዓይናቸውን አንድ ጊዜ ጨፈን አደረጉ።

«ትክክል ነው።»

ግሊሰሮል ላይ፣ ስቴሪክ አሲድ ላይ፣ ኬቶን ላይ እንደዚያው። በእያንዳንዱ ፊደል ስህተቱ እየከፋ ሄደ፤ እሳቸው በእያንዳንዱ «ትክክል ነው» አሉ። ግማሽ ማርክ የማይምሩት ሰው ዘጠኝ ጊዜ ዋሹ። ድምፃቸው አልተለወጠም።

መርማሪው እስክሪብቶውን ጫ ላይ አሳረፈ። «ይሄስ?»

ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ ቆርቆሮው ይጮኻል። ማታ ሙሉ የፈለግኩት ነገር አሁን ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልመጣም። መርማሪው ደገፍ ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ አልቸኮለም። የጠበቀው ቦታ ላይ ደርሰናል።

«አንዴ ይፍቀዱልኝ» አሉ መምህሬ።

ከደረት ኪሳቸው ቀዩን እስክሪብቶ አወጡ። ጎንበስ ብለው ከጫ የሚወጡትን መስመሮች በእስክሪብቶው ጫፍ ቆጠሩ። «አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። አምስት።» ቀና ብለው አዩኝ፤ ልክ ክፍል ውስጥ እንደሚያዩኝ።

«ካርቦን ስንት እጅ አለው?»

«አራት፣ ቲቸር።»

«እዚህ ስንት ሳልሽ?»

«አምስት።»

«እንዲህ ያለ ነገር አለ?»

«የለም፣ ቲቸር።»

«የለም። ስለሌለ ነው ስም ያጣሽለት። ሳታስቢ መሳል እንጂ ሌላ ምን ታውቂያለሽ?» አሉና ጫን በቀይ ከበቡት። ከጎኑ «ግማሽ ማርክ ተቀንሷል» ብለው ጻፉ፤ ከሥሩም ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ፈረሙ። ከዚያ ወደ መርማሪው ዞሩ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሳላርመው ማለፍ አልቻልኩም። ይሄኛው የሷ ስህተት ነው። እንዲህ ያለ ውህድ በዓለም ላይ የለም። ቢፈልጉትም አያገኙትም።»

መርማሪው ቀዩን ክብ ረጅም ጊዜ አየው። ከዘጠኙ «ትክክል ነው» አንዱንም ያመነ አይመስለኝም። ግማሽ ማርኩን ግን አመነ።

«እዚህ ድረስ ተጠርተው መጥተው ማርክ ይቀንሳሉ?»

«ስህተት ነዋ።»

አፍንጫውን በመሐረቡ ያዘ። ከመሐረቡ ኋላ የሳቀ መሰለኝ። «የኛም መምህር እንደርስዎ ነበር» አለ። «በሱ ነው የወደቅኩት።» ደብተሩን ዘጋው። «ይሂዱ።»

መምህሬ እስክሪብቷቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ሳይዞሩ «ሐሙስ ፈተና አለ» አሉ።

ያኔ ተነሳሁ። ሹራቤን አስተካክዬ፣ እጆቼን ጎንና ጎኔ አድርጌ፣ ክፍል ውስጥ እንደምንቆመው ቆምኩ።

«ተቀመጪ» አለ መርማሪው።

አልተቀመጥኩም። «መምህሬ ገና አልወጡም» አልኩት። ከሚዛን ክፍሉ እስከ ውጪው በር ረጅም ኮሪደር አለ። ጫማቸው ጭቃ ስለነበረው እርምጃቸው ይሰማል። መርማሪው ሁለተኛ አላዘዘኝም፤ እሱም እርምጃቸውን ሲሰማ ነበር። የውጪው በር ሲዘጋ ተቀመጥኩ።

በሦስተኛው ቀን ለቀቁኝ። ደብተሩ እዚያው ቀረ። ሁለቱ እትዬዎች ከኔ በኋላ ሌላ ሳምንት ቆይተው ወጡ። ሐሙስ ክፍል ስገባ የፈተና ወረቀት የሚያድለው ሌላ ሰው ነበር። መምህራችን ተዛውረዋል አሉን፤ ወዴት እንደሆነ የነገረን የለም። አንዳንዱ በገዛ ፈቃዳቸው ነው የለቀቁት ይላል። ሶር ፏፏቴ ማዶ ገጠር ውስጥ ያያቸው ሰው አለ ተብሎ አንድ ቅዳሜ ሄጄ ጠይቄ ነበር። የሚያውቃቸው አላገኘሁም። ስመለስ ዝናብ አግኝቶኝ እናቴ ተቆጣችኝ።

ከአሥሩ ፊደል ከኔ በቀር አንዱም አልታሰረም። አንዳቸውም እንዲህ መሆኑን አያውቁም። ጫ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ኖፓ ተመልሷል፤ ገበያ ላይ ሲያገኘኝ «ያኔ በምን ነበር ያሰሩሽ?» ብሎ ጠይቆኛል። «በጠባዬ» አልኩት። ሳቀ። ሌላ ቀን ልነግረው አስቤ ነበር።

እኔ አሁን ዩኒቨርሲቲ ነኝ። ቤተ ሙከራው ትልቅ ነው፤ ሽታ የሚስበው መሣሪያ ሁሉ አለው። ባለፈው ሳምንት ኢስተር ሠራን። ሽታው ሲወጣ ሁሉም «ሙዝ፣ ሙዝ» እያለ ሲሳሳቅ እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬ ቆምኩ። ጎረቤቴ ዓይንሽን አቃጠለሽ ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት።

እስከ ዛሬ አንድ ነገር አልለየልኝም። ያቺን አምስተኛ መስመር ለይተው ያረሙት አስበውበት ነው ወይስ ስህተት አይተው ማለፍ ስለማይችሉ? አንዳንድ ቀን አስበውበት ነው እላለሁ፤ ደግሞ ጎንበስ ብለው ሲቆጥሩ ፊታቸው ላይ የነበረው ንዴት እውነተኛ ነበር። መልሱን ከሳቸው በቀር የሚነግረኝ የለም።

መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ገጽ መሙላት ደስ ይለኛል፤ ቃል ፍለጋ ሳመሽ አይታክተኝም። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ግን የማንንም ስም አላስገባሁም፤ በዚያም አልተቸገርኩም። ልጽፈው የምፈልገው አንድ ስም ብቻ ነው፤ ሙሉውን፣ ከነአባታቸው። እሱንም ሳላስፈቅዳቸው አልጽፍም፤ ለማስፈቀድ ደግሞ መጀመሪያ ላገኛቸው ይገባል።